ጉቶ በሞላበት ሐይቅ ላይ የትኛው ክር ያዋጣል?

በቴነሲ የሚገኘው ሪልፉት ሐይቅ፣ ክራፒ የተባለው ዓሣና ብዙዎች ሳያስቡበት የሚገዙት ዕቃ

በአሜሪካዋ የቴነሲ ግዛት ካርታ ላይ ብዙ ሐይቆች ይታያሉ። ጠጋ ብለው ሲጠይቁ ግን ትልልቆቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ግድብ የወለዳቸው ናቸው። በግዛቲቱ ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ አጠገብ የተኛው ሪልፉት ግን የተፈጥሮ ሐይቅ ነው። የፈጠረው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ከዲሴምበር 1811 እስከ ፌብሩዋሪ 1812 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አካባቢውን በተደጋጋሚ የመታው መንቀጥቀጥ ደን የነበረውን መሬት ወደ ታች አሰመጠው። የሚሲሲፒ ወንዝ ለጥቂት ጊዜ ወደ ኋላ እንደፈሰሰ በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ተናግረዋል። ውሃው በሰመጠው መሬት ላይ ተኛ፤ ደኑም ከነሥሩ ከውሃ በታች ቀረ።

ዛሬ ሐይቁን የሚያየው እንግዳ መጀመሪያ የሚገርመው ዛፎቹ ናቸው። ሳይፕረስ የተባሉት ረጃጅም ዛፎች እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ቆመዋል። በክረምት ቅጠላቸውን ያራግፋሉ፤ ሚያዝያ አካባቢ ደግሞ እንደ አዲስ ለምለም ይሆናሉ። ግንዳቸው ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ከዙሪያቸው ደግሞ የአገሬው ሰው «ጉልበት» የሚላቸው ሥሮች ከውሃው በላይ ብቅ ብቅ ብለው ይታያሉ። ዓይን የማያየው ግን ይበዛል። የሐይቁ አማካይ ጥልቀት ከ2 ሜትር ያነሰ ሲሆን፣ ከዚያ ስስ ውሃ በታች በሺህ የሚቆጠር ጉቶ ተደብቋል።

እዚህ የመጣሁት ናሽቪል የምትኖረውን ታናሽ እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ነው። ናሽቪል የሐበሻ ቤተ ክርስቲያንም፣ የእንጀራ ቤትም የማይጠፋባት ከተማ ናት። የእህቴ ባለቤት ከአምስት ቀን የሌሊት ሥራ በኋላ የሚያርፍበት አንድ ቅዳሜ ነበረው። ለ11 ዓመት ልጁ ደግሞ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የገባለት ቃል አለ፦ ክራፒ ሊያሳጠምደው። «እትዬ፣ አንቺም አብረሽን ነይ፤ ሐይቁን ሳታዪ አትመለሺም» አለኝ። ወደ 280 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በሌሊት ተነስተን ነዳነው።

ዓሣው ማን ነው?

ክራፒ የሰሜን አሜሪካ የጣፋጭ ውሃ ዓሣ ነው። ሁለት ዓይነት አለው፤ አንዱ ነጭ ክራፒ፣ ሌላው ጥቁር ክራፒ ይባላል። ጥቁሩ ጥቁር በጥቁር የተነጠበ ሲሆን፣ የነጩ ነጠብጣብ ደግሞ ከላይ ወደ ታች እንደ መስመር የተሰለፈ ነው። ሁለቱም ከጎን ሲታዩ ሰፋ ያሉ፣ ከፊት ሲታዩ ስስ ናቸው። እኛ ቆሮሶ ለምናውቅ ሰዎች ሳህን ላይ የሚያርፈውን መካከለኛ ቆሮሶ ማሰብ ይበቃል። ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ክብደቱም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ነው። በ2018 በዚሁ በቴነሲ ግዛት የተያዘውና የዓለም ክብረ ወሰን የሆነው ጥቁር ክራፒ እንኳ 5 ፓውንድ ከ7 አውንስ ነበር፤ በእኛ መለኪያ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ማለት ነው።

ስለዚህ ዓሣ ሦስት ነገር ማወቅ ይበጃል፤ ሦስቱም ወደ ክሩ ያመጡናል።

አንደኛ፣ አፉ ስስ ነው። አሜሪካኖች «ወረቀት አፍ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለታል። ከንፈሩ አካባቢ ያለው ቆዳ በኃይል ከተጎተተ ይቀደድና መንጠቆው ይወጣል። ሁለተኛ፣ ወደ ላይ የሚያይ ዓሣ ነው። ከበላዩ የሚንሳፈፈውን ትንሽ ዓሣ ከታች ተነስቶ ይውጣል እንጂ ወርዶ መብላት አይወድም። ሦስተኛ፣ መጠለያ ይወዳል። በጸደይ ውሃው ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ዕንቁላሉን ለመጣል ወደ ዳር ይቀርብና በዛፍ ሥርና በጉቶ መካከል ይሰፍራል። የአገሬው ሰው ቴርሞሜትር አያወጣም፤ ዶግዉድ የተባለው ዛፍ ነጭ አበባውን ሲያወጣ ጀልባውን ወደ ውሃ ይገፋል።

እንግዲህ አስቡት። አፉ ስስ የሆነ ዓሣ፣ የጉቶ ጫካ ውስጥ ተደብቋል። ለአፉ ብለው ቀጭን ክር ቢመርጡ ጉቶው ይበጥሰዋል። ለጉቶው ብለው ወፍራምና የማይለጠጥ ክር ቢመርጡ አፉ ይቀደዳል። የክራፒ አጥማጅ ክርክር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ከሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥር

የማጥመጃ ክር የሚሸጥበት መደርደሪያ ፊት የቆመ ሰው በቁጥር ይጥለቀለቃል። ዋናው ቁጥር ክሩ ሳይበጠስ የሚችለውን ጭነት የሚናገረው ነው። 4 ፓውንድ የሚለው 1.8 ኪሎ፣ 6 ፓውንድ 2.7 ኪሎ፣ 8 ፓውንድ 3.6 ኪሎ፣ 10 ፓውንድ ደግሞ 4.5 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ቁጥሩ ግን ለአዲስና ቋጠሮ ለሌለበት ክር ነው። ቋጠሮ ያዳክመዋል፤ የተፋቀ ቦታ ካለው ደግሞ በጣም ያዳክመዋል።

ግማሽ ኪሎ ለማይሞላ ዓሣ 1.8 ኪሎ የሚችል ክር ከበቂ በላይ ነው። በንጹሕና ክፍት ውሃ ላይ የሚያጠምዱ ሰዎች 4 ወይም 6 ፓውንድ የሚመርጡትም ለዚህ ነው። ቀጭን ክር ሌላም ጥቅም አለው። የክራፒ ማባበያ፣ በተለይ ጅግ የሚባለው ባለ እርሳስ ራስ ትንሽ መንጠቆ፣ ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ግራም ነው። ወፍራም ክር እንዲህ ያለውን ቀላል ነገር አርቆ ለመወርወር አያመችም። በአንጻሩ ወፍራሙ ክር ማባበያውን በውሃው ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ያደርገዋል፤ ክራፒ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚወርድ ነገር ይወዳል።

ሪልፉት ላይ ግን የክሩን ቁጥር የሚወስነው ጉቶው ነው። እዚህ የሚመከረው 8 ወይም 10 ፓውንድ ነው። ምክንያቱን የነገሩን ጀልባቸውን የተከራየናቸው አዛውንት ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባዎቹን የተሻገረ፣ ሐይቁ ዳር ያደጉ ሰው ናቸው። የክራፒ መንጠቆ ከቀጭን ሽቦ የተሠራ ስለሆነ ለመታጠፍ ቀላል ነው። ክሩ ከመንጠቆው የበረታ ከሆነ፣ ጉቶ ላይ ሲያዝ ቀስ ብሎ በመጎተት መንጠቆው ይዘረጋል፤ ነቅሎም ይመጣል። በጣት መልሶ ማጠፍና ሥራ መቀጠል ነው። ክሩ ከመንጠቆው ከደከመ ግን የሚሸነፈው ክሩ ነው። መንጠቆውም፣ ማባበያውም፣ አንድ ሁለት ሜትር ክርም ጉቶው ላይ ይቀራል።

እኔ ከዚህ ጉዞ ይዤ የተመለስኩት ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ክር ለብቻው ብርቱ ወይም ደካማ አይባልም፤ ከመንጠቆው፣ ከዓሣው አፍና ከውሃው ጋር ተመዝኖ ነው።

ሦስቱ ቤተሰቦች

ገበያ ላይ ያሉት ክሮች በአብዛኛው ከሦስት ቤተሰብ ይመደባሉ።

ናይለን። ሁላችንም የምናውቀው፣ አንድ ወጥ ሆኖ የተሳበ ግልጽ ክር ነው። ናይለንን ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1938 ለዓለም ካስተዋወቀ በኋላ ከሐርና ከተልባ የሚሠራውን የድሮ ክር ቀስ በቀስ ከገበያ አስወጥቶታል። ርካሽ ነው፤ ለመቋጠር ይመቻል። ትልቁ ጸጋው ደግሞ መለጠጡ ነው። ልጅ ደንግጦ በኃይል ሲጎትት፣ ክሩ ትንሽ ተለጥጦ ጉልበቱን ይውጥለታል፤ የዓሣው አፍም አይቀደድም። ጉድለቱ ውሃ መጠጣቱ ነው፤ ሲርስ ጥቂት ጉልበት ያጣል። የፀሐይ ብርሃንም ያደክመዋል። በተጨማሪም ማጠንጠኛ ላይ ለረጅም ጊዜ ከቆየ እንደ ምንጭ ሽቦ የተጠቀለለ ቅርጽ ይይዛል።

ፍሎሮካርቦን። ዓሣ አጥማጆች በጣም የሚከራከሩበት ይህ ነው። ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠን ከናይለን ይልቅ ለውሃ የቀረበ በመሆኑ በጠራ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይታይም። ለመፋቅ ጠንካራ ነው፤ ውሃም አይጠጣም። ከናይለን ስለሚከብድ ይሰምጣል። በዋጋ ግን ይበልጣል። ደረቅ ስለሆነም ቋጠሮው ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በደረቁ ከጠበቀ ይቃጠልና ይበጠሳል። ጠቀሜታው በጠራ ውሃ፣ ዓሣው በተጠራጠረበት ቀን ነው። እንደ ሪልፉት ባለ ደፍረስ ያለ ውሃ ግን የማይታይ ክር ብዙም አይጠቅምም።

ጉንጉን ክር። ከበርካታ ቀጫጭን የፖሊኢትሊን ክሮች የተጎነጎነ ነው። ከውፍረቱ አንጻር ብርታቱ ያስደንቃል። ለዚህም ነው በሣጥኑ ላይ ሁለት ቁጥር የሚጻፍበት፤ አንዱ ብርታቱን፣ ሌላው ውፍረቱ ከስንት ፓውንድ ናይለን ጋር እንደሚስተካከል ይናገራል። አይለጠጥም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የዓሣዋ ትንሿ ንክኪ እጅ ላይ ትሰማለች። ለለመደ እጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ላልለመደ እጅ ግን ችግሩም እዚያው ላይ ነው። የሚለጠጥ ነገር ከሌለ፣ የሚጎተተው ኃይል ሁሉ በቀጥታ የዓሣው ከንፈር ላይ ያርፋል። ጉቶ ላይ ሲጠመጠም ደግሞ እንጨቱን እንደ መጋዝ እየበላ ይገባል፤ በባዶ እጅ የሚጎትተውን ሰው ጣትም ይቆርጣል።

የእህቴ ባለቤት የልጁን ዘንግ ያዘጋጀው በጉንጉን ክር ነበር። መደብር ውስጥ «ብርቱው የትኛው ነው?» ብሎ ጠይቆ የተሰጠው ነው። ለልጁ ከሁሉ የተሻለውን ፈልጎ ነው። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ልጁ ሦስት ክራፒ ነካለት፤ ሦስቱም ጀልባው ጋር ሳይደርሱ አመለጡ። በሦስተኛው ዘንጉን ጀልባው ወለል ላይ አስቀምጦ ጀርባውን ሰጠን። አባቱ ደግሞ ከእርሱ በላይ ዝም አለ። ለዚያች ቅዳሜ ሲል ስንት ሌሊት እንደቆመ የማውቀው እኔ ነኝና፣ ለሁለቱም አዘንኩ።

አዛውንቱ ምንም አልተናገሩም። ከወንበራቸው ሥር ሦስት ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ማጠንጠኛ የሌለው ተራ ዘንግ አወጡ። ጫፉ ላይ የዘንጉን ያህል ርዝመት ያለው 8 ፓውንድ ናይለን ታስሯል። ከዚያ ትንሽ ቡሽ፣ ከሥሩ አንድ ጅግ። አይወረወርም፤ ከጉቶው አጠገብ ቀጥ አድርጎ ወደ ውሃው ማውረድ ነው። «ቡሹ ሲሰምጥ አትጎትት። ዘንጉን ከፍ አድርገው ብቻ» አሉት በእንግሊዝኛ። ልጁ መጀመሪያ የሕፃን ዕቃ የተሰጠው መስሎት ቅር ብሎት ነበር። አራተኛው ክራፒ ግን ጀልባው ውስጥ ገባ። «አክስቴ፣ አየሽው? አየሽው?» አለኝ በአማርኛ። በቤት ውስጥ በአማርኛ ስንጠይቀው በእንግሊዝኛ የሚመልስ ልጅ ነው።

ዓይንም ያጠምዳል

ቀለም ሌላው ጥያቄ ነው። መደርደሪያው ላይ ግልጽ፣ አረንጓዴ፣ ደማቅ ቢጫ ሁሉ አለ። ብዙ ጀማሪ «ዓሣው እንዳያየው» ብሎ ግልጹን ያነሳል። በጠራ ውሃ ልክ ነው። ነገር ግን ክራፒ ወደ ላይ ተነስቶ ሲበላ ማባበያውን ይዞ ከፍ ይላል። ያን ጊዜ ክሩ አይጎተትም፤ ይላላል እንጂ። እጅ ምንም አይሰማም፤ የሚያየው ዓይን ነው። የላላውን ለማየት ክሩ መታየት አለበት። ስለዚህ በደፈረሰ ውሃ ላይ ያለ ቡሽ የሚያጠምዱ ሰዎች ደማቅ ቢጫውን ይመርጣሉ። የአገራችንን ላንጋኖ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ በዚያ ቡናማ ውሃ ውስጥ ግልጽ ክርን ከቢጫ መለየት ለዓሣም ቀላል አይደለም።

ጥንቃቄውም ቀላል ነው። ከማጥመድ በፊት የመጨረሻውን አንድ ሜትር ክር በሁለት ጣት መካከል ማሳለፍ፤ የሻከረ ካለ ቆርጦ መጣልና እንደገና መቋጠር። ቋጠሮውን ከማጥበቅ በፊት በምራቅ ማርጠብ። የተጠቀለለ ቅርጽ የያዘውን ናይለን ለጥቂት ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ መንከር። በየዓመቱ የጸደይ መግቢያ ላይ ደግሞ ክሩን መቀየር። ከዘንጉ፣ ከማጠንጠኛውና ከጀልባው ኪራይ ጋር ሲነጻጸር የናይለን ክር በጣም ርካሹ ዕቃ ነው፤ ቀኑን የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ያረጀ ክር ነው።

ወደ ፊት እያዩ የሚቀዘፍ ጀልባ

የሪልፉት ሰዎች ጉቶውን የተለማመዱት በክር ብቻ አይደለም። «ስተምፕጃምፐር» ማለትም «ጉቶ ዘላይ» የሚሉት የራሳቸው ጀልባ አላቸው። ከሥሩ ጠፍጣፋ ነው፤ ከፊትና ከኋላ ሹል። መቅዘፊያው መካከሉ ላይ በብረት መገጣጠሚያ የሚሠራ በመሆኑ ቀዛፊው እንደ ሌላው ዓለም ጀርባውን ሳይሰጥ ወደ ፊት እያየ ይቀዝፋል። ጉቶ በሞላበት ውሃ ላይ ወደ ኋላ እያዩ መሄድ አይቻልማ! ይህን ጀልባ ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበለ የሠራ የካልሁን ቤተሰብ የሚባል አለ። ከመካከላቸው ዴል ካልሁን በ1998 የአሜሪካ መንግሥት ለባህላዊ ጥበብ ባለቤቶች የሚሰጠውን ብሔራዊ የቅርስ ሽልማት አግኝቷል።

ሐይቁ ዛሬ የሕዝብ መሆኑም በቀላሉ የመጣ አይደለም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አንድ የመሬት ኩባንያ ሐይቁን የግሉ ሊያደርገው ተነሳ። በዓሣ የሚተዳደረው ሕዝብ ተቆጣ። በ1908 ጭምብል ያጠለቁና «የሌሊት ፈረሰኞች» የተባሉ ሰዎች አካባቢውን አሸበሩ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ከኩባንያው ባለቤቶች አንዱ የነበረውን ጠበቃ ገደሉት። የግዛቲቱ ገዥ ወታደር አዘመተ። በመጨረሻም በ1914 ሐይቁ በግዛቲቱ መንግሥት እጅ ገባ። ዛሬ ማንም ቤተሰብ ፈቃድ አውጥቶ የሚያጠምድበት ውሃ በደም የተከራከሩበት ውሃ ነው።

ጉቶው ላይ የሚቀረው

ረፋዱ ላይ፣ ዓሣው በደንብ መንካት በጀመረበት ሰዓት፣ አዛውንቱ ድንገት ዘንጋቸውን አነሱና ጀልባውን ወደ አንድ ሳይፕረስ አዞሩ። ዝቅ ካለ ቅርንጫፍ ላይ የሌላ ሰው ክር ተጠማጥሞ ተንጠልጥሏል። ጫፉ ውሃ ውስጥ ነው። ቢላቸውን አውጥተው ከቅርንጫፉ መቁረጥ፣ ከውሃው መሳብ፣ እንደገና መቁረጥ ያዙ። አሥር ደቂቃ አለፈ። ልጁ ትዕግሥቱ አለቀ። «ዓሣው እኮ አሁን ነው የሚበላው! የእኛ ክር አይደለም!» አለ። አባቱ ሊገሥጸው ሲል አዛውንቱ በእጃቸው ከለከሉት። ክሩን እየጠቀለሉ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ አካባቢ እንዲህ ባለ ክር ክንፉ ተጠላልፎ፣ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሞተ ሽመላ ማግኘታቸውን ነገሩት። ረጅም ታሪክ አላደረጉትም። ልጁ ዝም አለ፤ በጉዳዩ መስማማቱን ግን ፊቱ አልተናገረም። የሚበላ ዓሣ ጥሎ መሄድ ለ11 ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም።

ነገሩ ከአንድ ሽመላ ያለፈ ነው። ሪልፉት በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የሚፈልሱ አእዋፍ መንገድ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። በክረምት ነጭ ራስ ያላቸው የአሜሪካ ንስሮች በብዛት ይሰበሰቡበታል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩም አሉ። ዓሣ የሚበላ ወፍ ሁሉ የሚያርፈው ዓሣ አጥማጅ በሚቆምበት ቦታ ነው። የናይለን ክር ውሃ ውስጥ ፈራርሶ ለማለቅ 600 ዓመት ገደማ ሊወስድበት እንደሚችል ይገመታል። ሐይቁ ራሱ ከተፈጠረ ገና ከ200 ዓመት ጥቂት ቢያልፈው ነው። ዛሬ ጉቶው ላይ የሚቀረው ክር ሐይቁ እስካሁን ከኖረበት ዕድሜ በላይ ሊቆይ ይችላል ማለት ነው። ጉንጉኑም ሆነ ፍሎሮካርቦኑ እንዲሁ ቶሎ የሚጠፉ አይደሉም።

ለዚህ ነው መንጠቆውን ነቅሎ የሚመጣ ክር መምረጥ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ የማይሆነው። የሚበጠስ ክር ይዞ ጉቶ መካከል የሚገባ ሰው በየአሥር ደቂቃው አንድ ወጥመድ ትቶ ይወጣል። በብዙ የአሜሪካ የጀልባ መነሻ ቦታዎች አሮጌ ክር የሚጣልበት የፕላስቲክ ቱቦ ተተክሏል። ክሩ ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ ይውላል። ቱቦው ከሌለ ደግሞ ክሩን በአጭር በአጭሩ ቆራርጦ ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳዎቹ በዓሣ አጥማጆች እግር ሥር ሲንጎራደዱ ያየ ወላጅ፣ ይህች ጠርሙስ እዚያም እንደምታስፈልግ አያጣውም።

ዓሣውና ጾሙ

የአካባቢው ምግብ ቤቶች ክራፒን በአጥንት አልባ ቁራጭ አድርገው፣ በበቆሎ ዱቄት ለውሰው፣ በፈላ ዘይት ይጠብሱታል። ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው፤ ዓሣ ዓሣ አይሸትም። እኛ የሄድነው ግን በሁዳዴ ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየቤቱ ያለ ነው፤ የእህቴ ቤት ከማይበሉት ወገን ነው። ስለዚህ ዓሣው በዚያው ታጥቦ፣ ተገፎ፣ በረዶ ውስጥ ገብቶ ናሽቪል ደረሰ። እህቴ በላስቲክ ከረጢት ውሃ ጨምራ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባችው፤ ውሃው አብሮ ሲረጋ ዓሣው አይደርቅም። ልጁ ከረጢቱ ላይ በእስክርቢቶ «ፋሲካ» ብሎ ጻፈበት። በኋላ እንደሰማሁት የፋሲካ ዕለት ከዶሮው ወጥ ጎን የዓሣ ለብለብ ቀርቧል፤ ከሁሉ ቀድሞ ያለቀውም እርሱ ነው።

ለመሄድ ለምታስቡ

መቼ? ከማርች መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ዓሣው ወደ ዳር ስለሚቀርብ ለልጆች ይመቻል። ንስር ማየት የሚፈልግ ግን ጃንዋሪና ፌብሩዋሪን ይምረጥ።

ከየት? ቅርቧ ከተማ ቲፕተንቪል ናት። ከናሽቪል ሦስት ሰዓት፣ ከሜምፊስ ሁለት ሰዓት ገደማ በመኪና ያስኬዳል። ሐይቁ ዳር የመንግሥት ፓርክ፣ የጎብኚዎች ማዕከልና በሳይፕረስ ዛፎች መካከል የሚያሳልፍ የእንጨት መተላለፊያ አለ፤ ማጥመድ ለማይፈልግ የቤተሰብ አባልም ቀኑ ባዶ አይሆንም።

ፈቃድ? በቴነሲ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ያለ ፈቃድ ማጥመድ ይችላሉ። ከዚያ በላይ የሆነ ሰው፣ እንግዳም ቢሆን፣ ፈቃድ ማውጣት አለበት። በቀን የሚፈቀደውን የዓሣ ብዛት ደግሞ ፈቃዱን ሲገዙ ይጠይቁ።

ምን ክር? ለልጅ 8 ፓውንድ ናይለን፣ ማጠንጠኛ በሌለው ዘንግ ላይ። ጉቶ መካከል ለሚያጠምድ አዋቂ 8 ወይም 10 ፓውንድ ናይለን ከቀጭን ሽቦ መንጠቆ ጋር። ክፍትና የጠራ ውሃ ላይ 4 ወይም 6 ፓውንድ፤ ውሃው በጣም ከጠራ ፍሎሮካርቦን። ጉንጉን ክር እጁን ለለመደ ሰው ይቆይ።

ሌላስ? የሕይወት አድን ጃኬት ለሁሉም፤ ጥልቀቱ ከ2 ሜትር በታች ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ጉቶ ጀልባ ይገለብጣል። መንጠቆ የሚነቅል ትንሽ ፒንሳ። ለአሮጌ ክር ደግሞ አንድ ባዶ ጠርሙስ፤ ከተቻለ ኃላፊነቱ በቤቱ ትንሹ ልጅ እጅ ይሁን።